የአክስቴ ግራ ዓይን

ድሬዳዋ ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ማንንም አያስገርምም፤ ፀሐዩ ያስገድዳል። እኔ ግን ለአራት ወር ያህል ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ እንኳ መነጽሬን አላወለቅኩም። ደንበኞቼ «አቦ፣ አርቲስት ሆንሽብን እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እስቃለሁ፣ ልብሱን እጠቀልላለሁ፣ መነጽሬን ግን አልነካም። ከመነጽሩ በስተጀርባ የነበረው የግራ ዓይኔ ቆብ መሃሉ ላይ ባዶ ሆኖ ነበር። የቀኙም ቢሆን የተነቀለ ችግኝ ጣቢያ ይመስላል።

ሽፋሽፍት የሚያበቅል መድኃኒት አለ፣ ይሠራልም። እኔ ወደ መድኃኒቱ የሄድኩበት መንገድ ግን ጠማማ ነበር፣ በመሃል የምወደውን ሰው ጎድቼበታለሁ። በዚያው መንገድ ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩ የጀመረው በታናሽ እህቴ ሠርግ ነው። ሚዜዎቹ በሙሉ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት አስለጠፍን፤ አንድ በአንድ በሙጫ የሚለጠፈውን። ፎቶው አማረ። ሌሎቹ ከሠርጉ በኋላ ተዉት፣ እኔ ግን ያለ እሱ ፊቴን መስታወት ላይ ማየት አስጠላኝ። በየሦስት ሳምንቱ ሳሎን፣ እንደገና ሙጫ። እጅ ሲያጥረኝ ደግሞ ሳሎን ሄጄ በወጉ ከማስለቀቅ ይልቅ ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በጣቴ እየነቀልኩ አወጣው ጀመር። ሲነቀል የራሴም ፀጉር ተያይዞ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው። ያችን ነጭ ነጥብ መብራት ላይ አይቼ «ይበቅላል» እልና እተኛለሁ። እንዲህ እያልኩ ዓመት ሞላኝ። በዚህ መሃል ዓይኔ ያሳክከኛል፣ ጠዋት ስነሳ የቆቤ ጠርዝ ላይ እንደ ፎረፎር ያለ ቅርፊት አገኛለሁ። የድሬ ሙቀትና አቧራ ነው ብዬ አጥበዋለሁ። የችግሬ ፍንጭ እዚያ ቅርፊት ላይ ነበር፣ ማን ልብ ብሎት።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን በአጭሩ ልለፈው፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የጉሎ ዘይት ቀባሁ፤ ትራሴን አበላሸ እንጂ ምንም አላበቀለም። ጓደኛዬ የድንጋይ ኩል አመጣችልኝ። (በባህላዊ ኩል ውስጥ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። በተለይ ለሕፃን ዓይን እባካችሁ።) በመጨረሻ ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ገብቼ በማላነበው ቋንቋ የተጻፈበት «ሴረም» ገዛሁ። በሁለት ሳምንት ዓይኔ ቲማቲም መሰለ፣ ጣልኩት።

አክስቴ ሐረር ነው የምትኖረው፣ ከሸዋ በር ብዙ ሳይርቅ። እቴቴ እንላታለን። (አንቱ አልላትም፤ የሸገር ሰው ቢሰማኝ ባለጌ ይለኛል፣ እኛ ጋ ግን የተወደደ ሰው አንቺ ነው የሚባለው።) ለፋሲካ ልጠይቃት ሄድኩ። እቴቴ ጸሎቷን ልታነብ መነጽሯን ስታደርግ አንድ ነገር ዓይኔን ሳበው። የግራ ዓይኗ ሽፋሽፍት ረጅም ከመሆኑ የተነሣ የመነጽሩን መስታወት እየነካ ጭረት የመሰለ ቅባት ያሳርፍበታል። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ወደ ላይ የታጠፈ። የቀኝ ዓይኗ ግን የማንኛዋም የስልሳ ዓመት ሴት ነው፤ ሳሳ ያለ፣ አጭር።

«እቴቴ፣ ይሄ ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ጠብታው ነዋ ልጄ። ለግላኮማ ብለው የሰጡኝ። በግራዬ ብቻ ነው የማደርገው። አስቸገረኝ እኮ፣ አንዳንዴ በመቀስ እከረክመዋለሁ።»

እሷ በመቀስ ትቆርጣለች፣ እኔ መነጽር ስር እደበቃለሁ! የጠብታውን ስም በስልኬ ፎቶ አንስቼ ማታ ማታ ሳነብ ሰነበትኩ። ስሙ ቢማቶፕሮስት ነው። በአሜሪካ በ2001 የተፈቀደው የዓይን ግፊትን ለመቀነስ ነበር። የሚጠቀሙት ሕመምተኞች ሽፋሽፍታቸው እየረዘመ፣ እየወፈረና እየጠቆረ ሄደ፤ የግላኮማው መድኃኒት የጎንዮሽ ውጤት ነው ማለት ነው። ከዚያ ባለ 0.03 ከመቶው በ2008 መጨረሻ ላይ ሽፋሽፍታቸው ለሳሳ ወይም ላነሰ ሰዎች በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ ሆኖ ላቲስ በሚል ስም ተፈቀደ። በ278 ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት ከ16 ሳምንት በኋላ ርዝመቱ በአማካይ 25 ከመቶ፣ ውፍረቱ 106 ከመቶ፣ ጥቁረቱ 18 ከመቶ ጨምሯል። 25 ከመቶ ሲባል ብዙ ይመስላል፣ በሚሊ ሜትር ግን አንድ ከግማሽ አይሞላም። ያኔ ያነበብኩት ቁጥሩን ብቻ ነው። «በሐኪም ማዘዣ» የሚለውን ዓይኔ ዘለለው።

እንግዲህ የማፍርበት ቦታ ላይ ደረስን።

እቴቴ ለቅዳሴ ስትሄድ ጓዳ ገባሁና ከጠብታዋ ባዶ በነበረ የአፍንጫ ጠብታ ብልቃጥ ውስጥ ቆጥሬ ሃያ ያህል ጠብታ ወሰድኩ። ከወር በኋላ ተመልሼ ሄጄ ሌላ ሃያ ምናምን ጨመርኩ። የእቴቴ ብልቃጥ የምትይዘው 3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። እቴቴ ደግሞ በአንድ ዓይን ብቻ ስለምታደርግ፣ ገንዘብም ስለሚያጥራት፣ አንዷን ብልቃጥ ለሦስት ወር ታብቃቃት ነበር። ይህን አላውቅም። ባውቅ እተወው ነበር ብዬ እንዳልምል ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ።

የተጠቀምኩበትም መንገድ እንደ አወሳሰዴ ነበር። በግንቦት ሙቀት ብልቃጡን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። የምቀባው ባጠብኩት የድሮ ማስካራ ብሩሽ ነው፤ የላዩንም የታቹንም ቆብ። ቶሎ እንዲሠራ ብዬ አንዳንድ ቀን ጠዋትም ማታም። የተረፈው ጉንጬ ላይ ሲወርድ አልጠርገውም፣ ይድረቅ እላለሁ። በአምስተኛው ሳምንት ሽፋሽፍቴ ያው ነበር፤ ከዓይኔ ስር ጉንጬ ላይ ግን ለስላሳ ጥቁር ፀጉር ብቅ ብቅ ብሏል። የቆቤ ቆዳ ሳልኳል የተኳለ መሰለ። ጠዋት ዓይኔ በዓይናር ተጣብቆ ይነጋል። ያው መነጽር፣ ያው ሱቅ።

ከዚያ እቴቴ ደወለች።

«ልጄ፣ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር፣ ግፊቱ ወጥቷል አሉኝ። 16 የነበረው 25 ሆኗል። ጠብታውን በትክክል አታደርጊም ብለው ተቆጡኝ። ወላዲቷን፣ ሲኖረኝ አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም። ብቻ ቶሎ አለቀብኝ፤ ልጁ ብር እስኪልክልኝ ሃያ ቀን ያለ እሱ ቆየሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሳላውቀው የማፈሰው መሰለኝ። እርጅና ነው።»

በራሷ እጅ አሳበበች። ስልኩን ዘግቼ ሱቁ ውስጥ ካለው የልብስ ክምር ኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ግላኮማ የማታውቁ ካላችሁ፦ ብዙውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ የማየት ነርቩን ቀስ እያለ የሚበላ በሽታ ነው። አያምም፣ አያስጠነቅቅም። የዓይን ግፊት በአብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ነርቩ የጠፋውን ያህል ከጠፋ አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ይጠብቃል እንጂ የሄደውን አያመጣም። እኔ ከእቴቴ ጓዳ የቀዳሁት ያንን ነበር።

በማግስቱ ከሕጋዊ መድኃኒት ቤት አዲስ ብልቃጥ ገዝቼ በጠዋቱ መኪና ወደ ሐረር ወጣሁ። በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ሌላ ጊዜ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ደስ ይለኛል፤ የዚያን ቀን ምን እንደምላት ብቻ ነበር የማስበው። ቤት ገብቼ ቡናው እንኳ ሳይቀርብ ነገርኳት። ዝም አለች፣ ረጅም ዝምታ። ከዚያ፦

«ለዓይንሽ ፀጉር ብለሽ የእኔን ዓይን?»

አልመለስኩም። ምን ይመለሳል። ተነሥታ እጄን ያዘችና መስኮቱ ጋ ወሰደችኝ። መነጽሯን አወለቀች። «እስኪ አሁን በደንብ እይኝ። ያን ጊዜ ያየሽው ሽፋሽፍቱን ብቻ ነው።»

አየሁ። የግራ ዓይኗ ቆብ ከቀኙ ይልቅ ጠቁሯል፣ እንደ አሮጌ ቁስል ጠባሳ። ከቆቡ በላይ ያለው ቦታ ጎድጉዷል፤ የቀኙ ሞላ ብሎ የግራው ወደ ውስጥ የሰመጠ ነው። የዓይኗ ነጭ በቀይ ክሮች ተሞልቷል። አንድ ፊት ላይ ሁለት ሴት። ለእሷ ዓይኗን የሚያድን ዋጋ ስለሆነ ትከፍለዋለች። እኔ ግን ለፎቶ ብዬ ልከፍለው ነበር፣ ያውም ዋጋውን ሳልጠይቅ።

እንደዚያ የተቆጣች ሴት ራሷ ናት በሳምንቱ ድሬ ወርዳ ዓይን ሐኪም ጋ ይዛኝ የሄደችው። ወረፋ ስንጠብቅ አጠገባችን ከገጠር የመጡ እናት ተቀምጠው ነበር፤ ትራኮማ የላይኛውን ቆባቸውን ወደ ውስጥ ቀልብሶት ሽፋሽፍታቸው ዓይናቸውን እየወጋ ለቀዶ ጥገና የመጡ። በወረንጦ እየነቀሉ ስንት ዓመት እንደኖሩ ለእቴቴ ሲያወሩላት ሰማሁ። መነጽሬን ይበልጥ ወደ ላይ ገፋሁት።

ሐኪሟ በማጉያው መሣሪያ ቆቤን እያየች ከአምስት ደቂቃ በላይ ቆየች። ስለ መድኃኒቱ ከመናገሯ በፊት ጥያቄ አወረደችብኝ። ፀጉርሽ ሌላ ቦታ ይረግፋል? ራስሽ ላይ ክብ ባዶ ቦታ አለ? የታይሮይድ ችግር አለብሽ? ክብደትሽ ቀንሷል? ተጨንቀሽ ስትሆኚ ሽፋሽፍትሽን በእጅሽ ትነቅያለሽ? እርጉዝ ነሽ፣ ታጠቢያለሽ? የዓይን ቀዶ ጥገና ወይም የውስጥ ብግነት ነበረብሽ? ደምም አስመረመረችኝ። የሽፋሽፍት መርገፍ ራሱ በሽታ ከመሆን ይልቅ የሌላ ነገር ምልክት የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ያኔ ነው የገባኝ። የእኔ ታይሮይድ ደህና ነበር። የተገኘብኝ ብሌፋራይቲስ ነው፤ የቆብ ጠርዝ ብግነት። ያ «ፎረፎር» ማለት ነው። ሙጫው አስቆጥቶታል፣ መንቀሌ አብሶታል፣ የማስካራ ብሩሼ ደግሞ ጨርሶ አጨማለቀው።

«ጠብታው የሚቀሰቅሰው የተኛ ሥርን ነው» አለችኝ። «የሞተ ሥር ላይ ብታፈሺው አይበቅልም። የታመመ ቆብ ላይ ደግሞ አልሰጥሽም።»

ለስድስት ሳምንት ያዘዘችው ተራ ነገር ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክሮ የተዘጋ ዓይን ላይ አምስት አስር ደቂቃ ማሳረፍ፣ ከዚያ የቆቡን ጠርዝ በቀስታ ማጽዳት፣ ማታ ያዘዘችውን ቅባት። ኩልም ማስካራም ሙጫም የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በስድስት ሳምንት መጨረሻ ባዶው ቦታ ግማሹ ያለ ምንም የሽፋሽፍት መድኃኒት ሞልቶ ነበር። ሽፋሽፍት ጊዜው ሲደርስ በራሱ ይረግፋል፣ ሥሩ ካልተጎዳ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይተካል። ያንን ሁሉ ጣጣ ያመጣሁት ዕድሉን ስላልሰጠሁት ነው።

የቀኙ ጥግ ግን እንደሳሳ ቀረ። ያኔ ሐኪሟ በስሜ፣ በወረቀት ጠብታውን አዘዘችልኝ፤ አጠቃቀሙንም እጄን ይዛ አሳየችኝ። እኔ እንዳደረግኩት እንዳታደርጉ በደንብ ልንገራችሁ።

የሚደረገው ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፊት ታጥቦ፣ ሜካፕ ወጥቶ፤ ኮንታክት ሌንስ ያለው አውልቆ፣ መልሶ ለማድረግም ቢያንስ 15 ደቂቃ ጠብቆ። አንድ ጠብታ ንጹሕ፣ ተጠቅመው የሚጥሉት ብሩሽ ላይ ይደረግና የላይኛው ሽፋሽፍት ከቆዳው በሚወጣበት መስመር ላይ ከአፍንጫ ወገን ወደ ጆሮ ወገን ይሰመራል፤ ልክ ኩል እንደምንስለው። ፀጉሩ ጫፍ ላይ አይደለም፣ ሥሩ ላይ። የታችኛው ቆብ አይነካም፣ ስንጨፍን ከላይ የሚደርሰው ይበቃዋል። ዓይን ውስጥ አይጨመርም። የተረፈው ወዲያው በሶፍት ይጠረጋል፣ አለበለዚያ ፈሳሹ በተደጋጋሚ የሚወርድበት ቦታ ሁሉ ፀጉር ያበቅላል፤ ጉንጬ ምስክሬ ነው። ለሁለተኛው ዓይን ሌላ ብሩሽ። አንድ ቀን ከተረሳ በነጋታው እጥፍ አይደረግም። አብዝቶ መቀባት ማሳከክን እንጂ ሽፋሽፍትን አይጨምርም።

ለድሬ ልጆች ለብቻ፦ የእኔ ጠብታ መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 25 ዲግሪ ነው፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ጥላ ስር 35 የሚሆንበት ቀን ሞልቷል። ቦርሳ፣ የባጃጅ ኪስ፣ የሱቅ መሳቢያ አይሆንም። እኔ ፍሪጅ በር ላይ፣ ከፍሪዘሩ ራቅ አድርጌ አስቀምጠው ነበር። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን እንዳይከፍቱ ቤተሰቡን በሙሉ አስምያለሁ።

ትዕግሥቱ ግን ከሁሉም ከባድ ነው። እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ ምንም አላየሁም። ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ለሐኪሟ የሚሆን ማስረጃ ይሁነኝ ብዬ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ጠዋት በአንድ መስኮት፣ በአንድ ርቀት ዓይኔን ፎቶ አነሣ ነበር። የሁለተኛውንና የአሥረኛውን ሳምንት ጎን ለጎን ሳደርግ ነው ልዩነቱን ያመንኩት። ሙሉ ውጤቱ በ16ኛው ሳምንት መጣ። የእቴቴን አያህልም፣ የእኔ ግን ነው።

የጎንዮሹን ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ቀላ ማለትና ማሳከክ መጀመሪያ ላይ ነበረብኝ፣ ቀነሰ። የቆቤ ጠርዝ ትንሽ ጠቆረ፤ ሲቆም ቀስ እያለ የሚለቅ ነገር ነው። የዓይን መጎድጎድም ሊመጣ ይችላል፣ እቴቴን አስታውሱ። የማይመለሰው የብሌኑ ዙሪያ ቀለም ነው፤ ዓይኑ ፈካ ያለ ሰው ወደ ቡናማ ሊዞርበት ይችላል፣ ከዞረ ደግሞ ለዘለቄታው። እንደ እኔ ጥቁር ቡናማ ለሆነ ለውጡ ብዙም አይታይም። ለግላኮማ ተመሳሳይ ጠብታ የሚጠቀም ሰው ለሽፋሽፍት ብሎ ሌላ ሲደርብ የግፊቱ ሕክምና ሊዛባ ይችላል። ጤነኛም ብትሆኑ ግፊታችሁን ስትለኩ ጠብታውን እንደምትጠቀሙ ለሐኪሙ ተናገሩ፤ ግፊቱን ስለሚቀንሰው ንባቡን ያሳስታል።

እኔ ከስድስት ወር በኋላ አቆምኩ። መድኃኒቱ ሲቆም ሽፋሽፍቱ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ የእኔም ተመለሰ። የተመለሰው ግን ወደ ተነቀለው ችግኝ ጣቢያ አይደለም፤ ቆቤ ስለዳነ ከሠርጉ በፊት ወደነበረው ነው። አጭር ነው፣ ሙሉ ነው፣ መነጽር አያስፈልገውም። ሞቅ ያለ ጨርቄን ዛሬም ማታ ማታ አሳርፋለሁ።

የእቴቴ ግፊት ወደ 17 ወርዷል። ሐኪሙ ከተከፈተ አራት ሳምንት ያለፈውን ብልቃጥ መጠቀም እንደሌለባት ስለነገራት ሦስት ወር ማብቃቃቱ ቀርቷል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ አዲሱን በበረዶ ላስቲክ ጠቅልዬ ሐረር አደርስላታለሁ። ተቀብላ ትመርቀኛለች፣ ቡና ታፈላለች። ከዚያ የድሮዋን ብልቃጥ ከጓዳ ታወጣና ወደ መስኮቱ አንሥታ ምን ያህል እንደቀረ ታያለች፤ ቀጥላ እኔን።